ድርሰት አንብበን የታረቅንበት ቀን

በታኅሣሥ ሮቤ ላይ ነፋስ ሲነሳ ገለባ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከከተማው ወጣ ብሎ በሲናና በኩል ኮምባይነሮቹ ስንዴውን እያጨዱ የሚተፉት ብናኝ፣ ከጭድ ክምሩ ላይ የሚነሳው፣ በጋሪ ተጭኖ ሲያልፍ የሚራገፈው፣ ሁሉም ተደባልቆ ከተማው ላይ ይወርዳል። ሻይ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ የታጠበ ልብስ ላይ ታገኙታላችሁ። እንግዳ ሰው ያስነጥሰዋል። እኔን ያናድደኛል። ዓይኔን ባሸሁ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ቃል ይመጣብኛል። ገለባ ይላል።

ልጅ እያለሁ ያንን ቃል የሚጽፍብኝ የአማርኛ መምህራችን ነበር። መምህር ደረጀ ይባላል። የገበሬ ልጅ ነው፤ ብርድ ይፈራል፤ ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳውን ትቶ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር የሚያስተምረን። ድርሰት ሲያርም «ጎበዝ» ወይም «አሻሽይ» የሚባል ነገር አያውቅም። አውድማ ላይ እህል በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን አይታችኋል፤ ነፋሱ ገለባውን ይዞ ይሄዳል፣ ፍሬው እዚያው ይወድቃል። እሱም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ነፋስ የሚወስደው ሲሆን ከጎኑ «ገለባ» ብሎ ይጽፋል። ሰው ያየው፣ የሚመሰክርለት ነገር ሲሆን «ፍሬ» ይላል። ከኋላው ጋሽ ገለባ ነበር የምንለው። ያውቅ ነበር፤ ደስም ሳይለው አይቀርም።

እኛ ደግሞ ገለባ በማምረት የሚስተካከለን አልነበረም። የኔ ዕድሜ እኩዮች ታውቁታላችሁ፤ ድርሰት ማለት እኮ ዓሣው ነበር። «ውሃ ለዓሣ አስፈላጊ እንደሆነ ሁሉ…» ብለን እንጀምራለን። ስለ ትምህርት ሲባል ዓሣው አለ፣ ስለ ደን ሲባል ዓሣው አለ፣ ስለ ንጽሕና ሲባልም ዓሣው አለ። ሮቤ ላይ በሕይወት ያለ ዓሣ ያየ ልጅ ከክፍላችን ይኑር አይኑር እግዜር ይወቀው። ከዓሣው ቀጥሎ «በአሁኑ ጊዜ በዓለማችን ላይ» ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ «ስለሆነም ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን» እንላለን፤ አለቀ። እናቴ ግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነበረች፣ የእኔን ድርሰት ለጎረቤት ታነብላቸው ነበር። ጎረቤቶቻችንም ይቺ ልጅ ጋዜጠኛ ነው የምትሆነው ይሉ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ያወጡልኝ ሰዎች ገና አላዩኝም ነበር። ለመምህር ደረጀ የጻፍኩት የመጀመሪያ ድርሰት ከላይ እስከ ታች ገለባ፣ ገለባ፣ ገለባ እየተባለ ሲመለስልኝ ወረቀቱን ይዤ ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ። ርዕሱ ስለ ትምህርት ጥቅም ነበር። የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ትምህርት አይጠቅምም ያለሽ ማን ነው?» አለኝ። ማንም አልኩ። «ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትከራከሪው?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ መልስ ስፈልግ ነበር። እንዲያ ያለ ንዴት አላውቅም። የተበደልኩ እንዳይመስለኝ ልክ ነው፣ ልክ ነው እንዳልል ደግሞ በሰው ፊት አዋርዶኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ያ የቤት ሥራ የመጣው። በከተማው ወይም በትምህርት ቤቱ እንዲለወጥ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ አለን። ግን የሚለውጠው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፤ ያየ ሰው ጠይቁ፤ «አይሆንም» የሚለው ሰው ምን ብሎ እንደሚከለክላችሁ እሱም ይጻፍ፤ ከዚያ መልሱለት። የተሻለው ጽሑፍ በሴሚስተሩ መጨረሻ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነበባል። ይህን ሲናገር እጁን ፀሐይዋ ላይ እያሞቀ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ሁለት ዓይነት ክፍል ነበረው። እኛ ሁሉንም ትምህርት በአማርኛ እንማራለን፣ ወዲያ ያሉት ደግሞ በኦሮምኛ፤ ለእነሱ አማርኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። የሁላችንም የአማርኛ መምህር ግን አንድ ነው፣ መምህር ደረጀ። እሱ ለዚህ ሥራ ከወዲህ አንድ ከወዲያ አንድ እያደረገ ጥንድ ጥንድ አደረገን። ለእኔ የደረሰችኝ ሞሚና ናት።

ሞሚናን በዓይን አውቃታለሁ። አረንጓዴ ሻሽ የምታስር፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ኪሷ የገብስ ቆሎ የማይጠፋው ልጅ ናት። ከሲናና በኩል ነበር የምትመጣው፤ የላስቲክ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። የከተማ ልጆች በጫማዋ ይስቃሉ፤ እሷም የእኛን ጫማ እያየች ይቺስ ከበር አታስወጣም ትላለች። አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ነበር። ዓሣው ገና አልደረሳትም።

ስለ ምን እንጻፍ ተባባልን። እኔ ስለ ሰላም ወይም ስለ ደን መጨፍጨፍ አልኩ። ሞሚና ቆሎዋን እያኘከች ቆየችና፣ «እኔ የምፈልገው ጠዋት መማር ነው» አለች። ይህ ድርሰት አይሆንም አልኳት። «መምህሩ የምትፈልጉትን ነው ያለው» አለች። ከዚያ እየቆራረጠች ነገረችኝ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ጠዋት ይማራሉ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ከሰዓት እንማራለን፤ ክፍሎቹ አይበቁም። እኛ ስንለቀቅ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እኔ ከበሩ ወጥቼ ሁለት ቅያስ ባልፍ ቤቴ ነኝ። እሷ ግን ግማሽ መንገድ ሳትሄድ ይመሽባታል። አባቷ በትር ይዞ መንገድ ላይ ይጠብቃታል፤ አጨዳ ሲመጣ ግን አይችልም። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይቼ፣ እንዲህ ከቀጠለ ከዕረፍቱ በኋላ ቤት ትቀመጪያለሽ ብሏታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሆና ነው።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ እኔ ጻፍኩት። ስለ ሴቶች ትምህርት ነበር፤ ዓሣውም አለበት። ሞሚና አነበበችውና፣ እኔ የት አለሁ አለች። አጠቃላይ ነው አልኳት። አጠቃላይ ማለት ምንድን ነው አለችኝ። ተጨቃጨቅን። ወረቀቱን ከእጄ ቀምታ ከታች በራሷ እጅ፣ «ድልድዩ ጋ ስደርስ የእግሬን ጣት አላይም» ብላ ጻፈች። መምህር ደረጀ የእኔን ሁሉ ገለባ አድርጎ፣ ከእሷ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «ፍሬ» ብሎ ጽፎ መለሰልን። ለሦስት ቀን አላናገርኳትም። እሷ አላወቀችም ነበር መሰለኝ፤ ሰላምታዋን አላቋረጠችም።

ከዚያ ነው እልህ የያዘኝ። ፍሬ ከሆነ የሚፈለገው እሺ አልኩ። በእረፍት ሰዓት፣ እንዲሁም የጠዋቶቹ ሳይለቀቁ ቀድመን እየደረስን፣ በየክፍሉ እየዞርን ማን ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ጀመርን። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ ሞሚና በኦሮምኛ። ልጆቹ መጀመሪያ መዋጮ የምንሰበስብ መስሏቸው ይሸሹን ነበር። አንድ ልጅ ጅብ አይቻለሁ አለ፤ ሌላው ውሻ ነው አለው፤ እዚያው ተደባደቡ። ጅቡን አላስገባነውም። ያላረጋገጥነውን ብናስገባ ጋሽ ገለባ እንደማይለቀን አውቀናል።

አንድ ቀን ደግሞ እናቴን አስፈቅጄ ከሞሚና ጋር እነሱ ቤት ለማደር ሄድኩ። ከከተማው ስንወጣ ገና ብርሃን ነበር። የታጨደው ማሳ ሽታ፣ ጭስ፣ ከብት፣ ርጥብ አፈር። ትንሽ እንደሄድን ከባሕር ዛፎቹ በኩል ጉም ወረደ፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ መጋረጃ እንደሚለቀቅ ነው የወረደው። አብረውን የነበሩት ልጆች በየመንገዱ እየተገነጠሉ ቀሩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ የራሴን ጣት ለማየት ጎንበስ አልኩ። እውነቷን ነው፣ አይታይም። አንድ ሰው ከፊታችን ሲያስል በድንጋጤ ሞሚናን እንቅ አደረግኳት። አባቷ ናቸው። እሷ ስትስቅ፣ በጨለማው ውስጥ አፏን በእጇ መሸፈኗ ታወቀኝ።

እናቷ የገብስ ጩኮ በቅቤ አቀረቡልን። እሳት ዳር እየበላን ሳለ የሞሚና ታናሽ ወንድም መጽሐፉን ይዞ መጣ። ስድስተኛ ነው። ታዲያ ለምን ከእኛ ጋር ከተማ አይማርም ብዬ ጠየቅኩ። እዚሁ መንደር ትምህርት ቤት አለ፤ እስከ ስድስተኛ ነው፤ ከሰባተኛ ጀምሮ ነው ከተማ የሚኬደው አሉኝ። ጩኮው እጄ ላይ ቀረ። የዞርንባቸው ክፍሎች ሁሉ ታዩኝ። ከአምስተኛና ከስድስተኛ ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ያላገኘነው ለዚህ ነዋ። ጠዋት የሚማሩት ሁሉም የከተማ ልጆች ናቸው፤ ሩቅ የሚሄዱት ሁሉ ከሰዓት ናቸው። ፈረቃውን መገልበጥ ብቻ ነው። አዲስ ክፍል አይሠራ፣ መምህር አይቀጠር፣ ምንም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነት እንዲህ እንደ ሎተሪ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መምህር ደረጀ ይህንንም ካነበበ በኋላ ገና ነው አለን። «ዳይሬክተሩ ምን ይላሉ?» አለ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። እየፈራን ቢሮ ገብተን ጠየቅናቸው። ትንንሾቹ ሳይመሽ ቤታቸው መግባት አለባቸው፣ እናንተ ትልልቆች ናችሁ፣ ትችሉታላችሁ አሉን። ይህንንም ጻፍነው፤ ሳናጣምም፣ እንዳሉት። ቀጥሎ መልሳችንን ጻፍን። ትንንሾቹ ሁሉም የከተማ ልጆች ስለሆኑ ከሰዓት ቢማሩም ሳይመሽ ቤታቸው ይደርሳሉ፤ የሚመሽባቸው ትልልቆቹ ናቸው። መምህር ደረጀ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ዳር ዳሩን ሁሉ ፍሬ፣ ፍሬ አለበት። አንድ ቦታ ብቻ፣ «ስለሆነም ሁላችንም እጅ ለእጅ» ያልኩበት ላይ ገለባ አለኝ። የለመደብኝ ነው፤ አወጣሁት።

የስብሰባው ቀን በጥር ነበር። አዳራሹ አግዳሚ ወንበር አልበቃው ብሎ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ቆሟል። ጋቢ የለበሱ፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከገበያ በዚያው የመጡ እናቶች። የሞሚና አባት ከኋላ ቆመው ነበር። እናቴ ከፊት ተቀምጣ ከወዲሁ ደስ ብሏታል። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ከድር ነበሩ፤ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ሮቤ ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ፊት ነው የሚታረቀው። ክርስቲያኑም እስላሙም ይሰማቸዋል። ዳይሬክተሩ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

እኔ በአማርኛ አነበብኩ፣ ሞሚና አንቀጽ አንቀጹን በኦሮምኛ ደገመችው። የድልድዩን ስናነብ እናቶች ከንፈር መጠጡ። የስድስተኛ ክፍሉን ስናነብ ከኋላ ሰዎች እርስ በርሳቸው እውነት ነው ሲባባሉ ሰማሁ። አሸንፈናል አልኩ በሆዴ። ከዚያ፣ «ዳይሬክተሩ እንዲህ ይላሉ» ብዬ ቀጠልኩ።

ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ደፉ። ሰው ሁሉ እኔን ትቶ እሳቸውን ማየት ጀመረ። እኔ ሞኟ፣ ክርክሩ ጠንክሮ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ። ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ እኛ ዘንድ አንድ ሰው በሰው ፊት ቆሞ «እሱ እንዲህ ይላል፣ እኔ ግን እንዲህ እላለሁ» የሚለው ሲከስ ብቻ ነው። ምስክር የሚጠራው፣ ያዩትን የሚቆጥረው፣ የተበደለ ሰው ነው። እኛ የተማርነውን ጥሩ ክርክር አቀረብን። እነሱ የሰሙት ጠብ ነው።

ጨርሰን ስንቆም ማንም አላጨበጨበም። ሐጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው በጣም ለስላሳ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዳይሬክተሩ ምን በደሉሽ?»

ምንም አልኩ። ምንም አልበደሉኝም።

«እንዲህ ነው ጨዋ ልጅ» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው፤ በደሏን አትናገርም ማለታቸው ነው። ከኋላ ሰዎች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው አባትና ልጅ ይጋጫል፣ ያለ ነው አሉ። ሌላው ደግሞ ዳይሬክተሩ ለዚህ ትምህርት ቤት የደከሙትን ድካም ዘረዘሩ። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተመርጠው ወደፊት መጡ። ሁሉም ነገር እንደ ጎርፍ ነው የሄደው። መምህር ደረጀ ከግድግዳው ሥር እጁን አውጥቶ፣ «ሐጂ፣ የልጆቹ ጥያቄ እኮ ፈረቃው…» ሲል ሐጂ ከድር በእጃቸው ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ቆይ መምህር፤ ዕርቅ ላይ ነን።»

እናቴ በዓይኗ ወደ ዳይሬክተሩ ጠቆመችኝ። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሞሚናም ሳመች። ዳይሬክተሩ ራሳችንን ዳበሱን፤ እኔም ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ አሉ። ሐጂ ከድር ዱዓ አደረጉ፣ አንድ ቄስ ደግሞ መረቁ፣ አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። የሞሚና አባትም እጃቸውን ዘርግተው አሜን ሲሉ አየሁ። ሰዉ ፊቱ ሁሉ በርቶ ነበር። ወዲያው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ተሻገሩ፤ ስለ አጥር ነበር። ስለ ፈረቃው አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም። ለምን ይተነፍሳል፣ ታርቀን የለ።

ቤት ስንገባ እናቴ፣ ዛሬ አኮራሽኝ አለችኝ። ያነበብኩት ጽሑፍ አይደለም ያኮራት፤ ጉልበት መሳሜ ነው። በሩን በኃይል ዘጋሁት። ቢከለክሉን፣ አይሆንም ቢሉን፣ ቢሰድቡን እንኳ መልስ ነበረን፤ ለ«አይሆንም» የሚሆን አንቀጽ ጽፈናል። ለ«ታረቁ» የሚሆን አንቀጽ ግን አልነበረንም። ፍቅር ሲሰጡህ እንዴት አድርገህ ነው የምትከራከረው?

በማግስቱ መምህር ደረጀ ከክፍል በኋላ ጠራኝ። ጽሑፉ ላይ የሚነቀፍ ነገር የለም አለኝ። ታዲያ ምን ይሠራል አልኩት፤ ስድ ነበርኩ። ሄዶ ፀሐይዋ ላይ ቆመ። «ተቃዋሚው ምን እንደሚል አሰብን» አለ። «የሚሰማው ሰው ምን እንደሚሰማ አላሰብንም። እሱን ያላስተማርኳችሁ እኔ ነኝ።» አላጽናናኝም። እኔ በዚያን ሰዓት የምፈልገው ትምህርት ሳይሆን ፈረቃው ነበር።

ከዕረፍቱ ስንመለስ ሞሚና አልመጣችም። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት፤ ከእናቷ ጋር ገብስ ይሸጣሉ። አካም አልኳት፣ አካም አለችኝ። ኪሷን ዳብሳ ቆሎ ዘገነችልኝ። ትመጫለሽ ወይ አላልኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። አባቷ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት ሰላም አሉኝ፤ ዳይሬክተሩንም ሰላም በይልን አሉኝ። ከልባቸው ነው። በእሳቸው ቤት ነገሩ በሰላም አልቋል።

እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ተማርኩ። ጋዜጠኛ አልሆንኩም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ያለው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው መጥቶ አሳምረሽ ጻፊልኝ ይለኛል። እኔ ምን አየህ፣ ማን ነበረ፣ አይሆንም ያለህ ሰውዬ ምን ብሎ ነው ያለህ እላለሁ። አንዳንዱ ይናደዳል፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የመጣሁት ይለኛል። ተማሪዎችም ይመጣሉ። አሳማኝ ድርሰት ጻፉ ተብለው ከስልካቸው ያወረዱትን አትሚልን ይላሉ። ሳነበው ዓሣው የለም፤ ዓሣው ሞቷል። በቦታው ስለ ሉላዊነትና ስለ ዲጂታል ዘመን የሚያወራ፣ ፊደሉ ያልተሳሳተ፣ ሰው ያላየው ነገር አለ። ከማን ጋር ነው የምትከራከረው ስላቸው በጆሮ ማዳመጫቸው ውስጥ ሆነው ፈገግ ይላሉ። ገጹን ቆጥሬ ሒሳቤን እቀበላለሁ። ሲወጡ ግን ገለባ ብዬ ነው የምከተላቸው፤ አፌ ነው፣ ምን ላድርገው።

አንዳንድ ማታ ሥራ ጨርሼ በባጃጅ ሳልፍ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ሲለቀቁ ይደርስብኛል። ዛሬም ከሰዓት ነው የሚማሩት። ዳይሬክተሩ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሐጂ ከድርም ነፍሳቸውን ይማርና የሉም፣ አዲስ ሕንጻም ተሠርቷል፤ ፈረቃው ግን ያው ነው። ልጆቹ ወደ ሲናና መንገድ ሲወጡ የስልካቸውን መብራት ያበራሉ። ከሩቅ ስታዩት ያምራል፤ ጉሙ ውስጥ የሚሄድ የመብራት ሰልፍ። ያኔ እኛ ጣታችን አይታየንም ነበር፣ አሁን ይታያቸዋል። ለውጥ ከተባለ ይህ ነው። እየቆየ ያናድደኛል እንጂ አልወጣልኝም።

በዚህ በታኅሣሥ ነፋስ ሞሚና ወደ ሱቄ ገባች። አረንጓዴ ሻሽ አይደለም አሁን፣ ረጅም ጥቁር ነው የምትለብሰው። ከመንደሯ ሳትርቅ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ለሚቀጥለው ዓመት ከተማ ትመጣለች። ይህን ስትነግረኝ እንደ ድሮዋ የሌላ ሰው ወሬ አስመስላ ነው። ከዚያ፣ «ድርሰቷን ታስታውሻታለሽ?» አለችኝ።

ወረቀቱ የት እንደገባ እንጃ። ግን እኔ ስጀምር እሷ ትጨርሳለች፤ እሷ በኦሮምኛ ስትጀምር እኔ እጽፋለሁ። መንደራቸው ያለው ትምህርት ቤት አሁንም እስከ ስድስተኛ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ነው። ከሩቅ የሚመጡት አሁንም ከሰባተኛ ጀምሮ እንደሆነ ደግሞ ሁለታችንም የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን ልጆቹን ጠየቅናቸው። የድልድዩን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተውነው። ልጆቹ፣ አሁን መብራት ቢኖረንም ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ጣታችን አይታየንም አሉን፤ ያንንም ጨመርን።

ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። የሚመለከተው ሰው እኛን የሚያህል ወጣት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ዓይኑን ጣል አድርጎ፣ እንደ ለመደው ፈገግ ብሎ፣ «ከማን ጋር ተጣልታችሁ ነው?» አለ። እንዲያው ደሜ ወደ ላይ ወጣ። አፌን ልከፍት ስል ሞሚና ክንዴን ያዘችኝ።

«ከማንም ጋር አልተጣላንም» አለች። «የምንታረቀውም ሰው የለም። ጥያቄ ነው ያመጣነው፤ መልሱን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

ሰውየው ፈገግታውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋበት። እኛ ሄደን ከግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያኔ እንዲህ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖረን ብዬ አሰብኩ። ሞሚና ኪሷን ዳብሳ ቆሎ ዘገነችልኝ፤ አሁንም አልጠፋም። ወዲያው አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ነፋሱ ገለባውን ይዞ አብሮት ገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች በሙሉ አነሳቸው። ሰውየው ተንደርድሮ እጁን የእኛ ወረቀት ላይ ጫነ። እንዳይበርበት ይሁን ወይም ሊያነበው፣ እስካሁን አላወቅኩም። እጁን ግን አላነሳም፤ እኛም አልተነሳንም።